እንግሊዝኛን እንደ ቅኔ ብንማረው

በዚህ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ስንገናኝ ከአንድ ነገር በቀር የምናወራው የለንም፤ እርሱም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። እኔም በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ይህን ጥቂት አሳብ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ፈተናው ሁሉ ለመናገር ሳይሆን ከፈተናው ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ብቻ ለመናገር ነው። የምለውም በአጭሩ ይህ ነው፤ እንግሊዝኛን የምናጠናበት መንገድ ቋንቋ የሚጠናበት መንገድ አይደለም። ትክክለኛውም መንገድ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሳይሆን አያቶቻችን በጐጃም ቅኔ ቤቶች ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል የሚያሳስብ እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከት። ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ከግማሽ በታች ማምጣቱን አይሸሽግም።

እነዚህን ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚል ሰው ቢኖር የገጠሩን ተማሪ ኑሮ አያውቅም ማለት ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለስ፣ ራሱ አብስሎ ራሱ አጥቦ የሚማር ልጅ ሰነፍ ሊባል አይገባውም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ጓደኞቻችንም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለዚህ ጕድለቱ ሁሉ የተማሪው ነው ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ በእጃችን ያለውን ነገር ማስተካከል የኛ ፈንታ ነው። በእጃችን ካሉት ነገሮችም አንዱ የአጠናን መንገዳችን ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «እንግሊዝኛ ከስድስቱ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ በእርሱ ባጣ በሒሳብ አካክሳለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ሌላ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም እንዲሁ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከአፕቲትዩድ ጋር በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ታዲያ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የተጻፉት በምን ቋንቋ ነው? በእንግሊዝኛ አይደለምን? ስለ ዐድዋ ጦርነት ከአባቱ ሰምቶ፣ ከመጽሐፍ አንብቦ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ሳይገባው ቀርቶ ነጥብ ያጣል። ስለ በቆሎና ስለ በርበሬ አስተዳደግ ከግብርና ሠራተኛ ባላነሰ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ፣ ያው ነገር በባዮሎጂ ፈተና ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት እንግዳ ይሆንበታል። እንግዲህ እንግሊዝኛ ከስድስት በሮች አንዱ አይደለም፤ የስድስቱም በሮች ቍልፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ቍልፍ ዛሬ የመጣ አይደለም። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ይሰጥ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲማሩ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። እኛም በታችኛው ክፍል ሳለን ስለ ሕዋስም ስለ ክፍልፋይም በአማርኛ ተምረን፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ መጽሐፉ ሁሉ በአንድ ክረምት ቋንቋውን ለውጦ ይጠብቀናል። አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ የተማረ ተማሪ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲጨነቅ የሚታየው ለምንድር ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

የኔ መልስ፣ ዕውቀቱን እንሰበስባለን እንጂ አንሠራበትም የሚል ነው። አብዛኞቻችን ለእንግሊዝኛ ፈተና የምንዘጋጀው ያለፉ ዓመታትን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሱን በመሸምደድና የቃላት ዝርዝር ከነአማርኛ ፍቺው በመያዝ ነው። ፈተናው ምንባብ አለበት፤ የቃላት ፍቺ፣ ሰዋስው፣ የተጓደለ ንግግር ማሟላት፣ የተዘበራረቀ አንቀጽ ማስተካከል አለበት። ሁሉም ግን ከአራት አንዱን በመምረጥ ስለሚመለስ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» ማለት የሚችል ሁሉ እንግሊዝኛ የሚችል ይመስለዋል። የቃላቱም ዝርዝር እንዲሁ ያታልላል። «ራን» ማለት «ሮጠ» ነው ብሎ የያዘ ተማሪ፣ አንድ ነጋዴ ሱቅ «ራን» ያደርጋል የሚል ምንባብ ሲገጥመው ነጋዴው ሱቁን ይዞ የሮጠ ይመስለዋል፤ ሱቁን ያስተዳድራል ማለት መሆኑን ግን ዝርዝሩ አልነገረውም።

ደግሞም አማርኛ ተናጋሪ በመሆናችን ብቻ የሚያደናቅፉን ነገሮች አሉ፤ እነርሱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ያስቀምጣል። «ትናንት ከቡሬ በርበሬ ጭኖ የመጣው ነጋዴ ዛሬ ተመለሰ» ስንል ነጋዴው እስኪመጣ ገላጩን ሁሉ በትዕግሥት እንሰማለን፤ ምን እንዳደረገም መጨረሻ ላይ እናውቃለን። እንግሊዝኛ ግን ነጋዴውን አስቀድሞ ይጠራና የመጣበትን ነገር በኋላ ያስከትላል። ይህን ያልለመደ ተማሪ ረዥም ምንባብ ሲያነብ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ስለሚመላለስበት ሰዓቱ ያልቅበታል።

ሁለተኛው የኛይቱ ትንሽ ፊደል «በ» ናት። በአማርኛ «በቡሬ፣ በቅዳሜ፣ በሦስት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላዋ» ስንል አንዲቱ «በ» አምስቱንም ትሠራልናለች። እንግሊዝኛ ግን ለቡሬ «ኢን»፣ ለቅዳሜ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት»፣ ለአውቶቡሱ «ባይ»፣ ለቢላዋው «ዊዝ» ይላል። ሰዓቱም ቢሆን የኛ ሦስት ሰዓት ለእነርሱ ዘጠኝ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሦስተኛው፣ እኛ «ፀሐይ ወጣች» «ወንበሩ ተሰበረ» ብለን ግዑዙን ነገር ሁሉ በሴት ወይም በወንድ አንቀጽ እንጠራለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለግዑዝ «ኢት» የሚል ሌላ ቃል አለው። አራተኛው፣ «ራበኝ» ስንል የሚያደርገው ራቡ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውዬው ራሱ «አይ አም ሀንግሪ» ይላል። አማርኛውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር ተማሪ ከእነዚህ በአንዱ መሰናከሉ አይቀርም። እነዚህንም ነገሮች ሕጋቸውን በመሸምደድ ብቻ የሚያሸንፋቸው የለም። ዓረፍተ ነገር እየሠሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየታረሙ ነው የሚለመዱት።

እንግዲህ ወደ ቅኔ ቤት ልምጣ። ግዕዝ በማንም ቤት ውስጥ የማይነገር ቋንቋ ነው። እናት ልጇን በግዕዝ አትጠራም፤ ገበያም በግዕዝ አይሸመትም። የከተማችንን ስም «ፍኖተ ሰላም» ብለን በየቀኑ ስንጠራ «የሰላም መንገድ» ማለታችን መሆኑን የምናውቀው እንኳ ስለ ተነገረን ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በጐጃም ገጠር ያደጉ፣ ቆሎ ቋጥረው የወጡ ልጆች በዚህ ቋንቋ ትርጕሙ የረቀቀ ቅኔ ሲዘርፉ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ የቅኔ መንገዶች መካከል ስማቸው የታወቀው ዋሸራና ጎንጅ በጐጃም ናቸው፤ ቅኔ ለመማር ከሩቅ አገር ወደዚህ የሚመጣውም ተማሪ ብዙ ነበር። ታዲያ እነዚያ ልጆች ይህን ቋንቋ እንዴት ያዙት?

የቅኔ ተማሪ ግሥ ያጠናል፤ የግሡን እርባታ ይለያል፤ አገባቡን ይማራል። እስከዚህ ድረስ ከኛ የሰዋስው ትምህርት ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው ገና ጥቂት እንደ ተማረ ሁለት መስመር ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲቈጥር ይታዘዛል። ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ሜዳ ወጥቶ ያስባል፤ ቃል ይፈልጋል፤ ቤት ይመታል። ከዚያም ተመልሶ በጓደኞቹ ፊት ለየኔታ ይናገራል። የኔታም ያርሙታል፤ የጐደለውን ይሞላሉ፤ የተበላሸውን ያቃናሉ። በማግሥቱም አዲስ ቅኔ ይቈጥራል። እንዲህ እያለ ከሁለት መስመር ተነሥቶ ስምንት መስመር እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ሲሳሳት የሚሥቅበት ቢኖር እንኳ የሚሥቀው ትናንት ራሱ ተሳስቶ የታረመ ነው። ስለዚህ ስሕተት በቅኔ ቤት የመማሪያ መሣሪያ እንጂ ነውር አይደለም።

ይህን ከኛ ጋር እናስተያይ። እኛ ሕጉን እንማራለን፤ ነገር ግን በየቀኑ ምንም አንሠራም። የቅኔ ተማሪ አንድ ቀን ሳይቈጥር አይውልም፤ እኛ ግን አንድ ወር ሙሉ የራሳችንን አሳብ በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳንጽፍ እናሳልፋለን። እርሱ በሰው ፊት ይናገራል፤ እኛ አፍ የፈታ ሰው ሲናገር ሰምተን እናደንቃለን። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን?

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው የውጭ ቋንቋ አይሆንለትም እንዳይባል ሁለት ሰዎችን ላንሣ። አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በጐጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ ተምረው ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በአማርኛ የተጻፈ ነው። አቶ አቤ ጉበኛም በአቸፈር ገጠር ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው በአማርኛ ብዙ መጻሕፍት ከጻፉ በኋላ፣ በ1975 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር «ዲፋያንስ» የተባለውን ልቦለድ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። የአንዱ ቋንቋ ዕውቀት ለሌላው ጠላት አለመሆኑን ከእነዚህ ሰዎች እንማራለን። እንዲያውም አማርኛውን በደንብ ያልያዘ ሰው በእንግሊዝኛ የሚናገረው ቁም ነገር አያገኝም።

ችግሩም የኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንመልከት። በቻይና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና አለ። ከ1987 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተማሪዎች ይቀመጡለታል። የቻይንኛ ግሥ እንደ ኛ ግሥ በጊዜና በሰው አይለዋወጥም። ስለዚህ «ሄደ፣ ይሄዳል፣ ሄዳለች» እያለ ያደገ የኛ ልጅ በዚህ በኩል ከቻይናዊው ይልቅ የቀለለ ሥራ አለው። እዚያም ተማሪዎች በሺህ የሚቈጠሩ ቃላት ይሸመድዳሉ፤ ፈተና አልፈው መናገር የማይችሉ ብዙዎች ስለሆኑ ሕዝቡ ራሱ ነገሩን «ዱዳ እንግሊዝኛ» ብሎ ሰይሞታል። ሆኖም የእነርሱ ፈተና ድርሰት መጻፍና ከቻይንኛ መተርጐም ስላለበት ተማሪው ቢወድም ባይወድም ብዕር ያነሣል። የኛ ፈተና ግን ይህን አያስገድደንም። ስለዚህ እኛው ራሳችንን ማስገደድ ይኖርብናል።

አንዳንድ ሰዎች «ፈተናው ምርጫ ከሆነ መጻፍና መናገር ምን ይረዳል? ጊዜ ማባከን ነው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የተዘበራረቀ አንቀጽ ፈጥኖ የሚያስተካክል ማን ነው? አንቀጽ ጽፎ የሚያውቅ አይደለምን? የተጓደለ ንግግር የሚያሟላስ? ተነጋግሮ የሚያውቅ ነው። ያለፉ ጥያቄዎችን መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለፈው ጥያቄ ተመልሶ አይመጣም፤ የሚመጣው አዲስ ጥያቄ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በክፍላችን ብዙ ተማሪ አለ፤ አስተማሪው የሁሉን ድርሰት በየቀኑ እንዴት ያርማል?» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አስተማሪዎቻችንንም ያለ ዐቅማቸው መጫን አይገባም። ቢሆንም የቅኔ ቤት መልስ አለው። በዚያ ቀደም ብለው የገቡት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስጠናሉ፤ ሸክሙ ሁሉ በየኔታ ላይ አይወድቅም። እኛም በአምስት በአምስት ሆነን የጻፍነውን እርስ በርሳችን ብንተራረም፣ ከአምስቱ አንዱን ብቻ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአስተማሪው ብናሳይ ይበቃል።

ከዚህም ሌላ «እንግሊዝኛ ለምን የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ? ሁሉን በአማርኛ መማር ይሻለን ነበር» የሚሉ አሉ። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አዋቂዎች ሊከራከሩበት ይገባል፤ እኔም ክርክሩን አልንቅም። ነገር ግን የዘንድሮ ተፈታኝ ክርክሩ እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ወንዝ ሞልቶ ሳለ ድልድዩ የት ይሠራ ብለው ሲከራከሩ፣ መሻገር ያለበት ሰው ዋና መማሩ ይሻለዋል።

አሁን ለጓደኞቼ የማቀርበው አሳብ አስቸጋሪ አይደለም። በየቀኑ እንደ ጉባኤ ቃና ሁለት መስመር ብቻ በእንግሊዝኛ እንጻፍ። ስለ ገበያው፣ ስለ በቆሎው እሸት፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ የምናውቀውን ነገር እንጻፍ። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ግማሽ ገጽ እንደግ። ከባዮሎጂ ወይም ከታሪክ መጽሐፋችን አንዲት ገጽ አንብበን መጽሐፉን ዘግተን ያነበብነውን በራሳችን እንግሊዝኛ ለጓደኛችን እንንገር። በዚህ መንገድ አንዱ ጥናት ሁለት ሥራ ይሠራል። ያለፉ ጥያቄዎችን ስንሠራ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ እንጻፍ። ወደ ቤት ስንሄድም በመንገድ ላይ ዐሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ እየተነጋገርን እንሂድ፤ የተሳሳተውን እናርመው እንጂ አንሣቅበት። ይህ ሁሉ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜም ቢሆን ከጐረቤት ልጅ ጋር ሊሠራ ይችላል። የቅኔ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ትምህርቱን በራሱ ይዞት ይዞር ነበርና።

ይህንም ፈተናው ሲደርስ ሳይሆን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማድረግ ይገባል። በበርበሬ አገር ተወልደን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት በኛ ላይ ሲደርስ ማየት አያምርም። ስለዚህ ለታናናሾቼ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን አሳብ ይበልጥ አደራ እላለሁ፤ ለእነርሱ ገና ጊዜ አላቸው።

ለአስተማሪዎቻችን የማቀርበው ልመና፣ በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ከመጽሐፉ ተለይታ ተማሪዎች የጻፉትን የሚያነቡባትና የሚታረሙባት ጉባኤ እንድትሆን ነው። በዚያችም ሰዓት ስሕተት ነጥብ እንዳያስቀንስ ይሁን።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁ እንግሊዝኛ አልተማራችሁም፤ ስለዚህ ልጃችሁን ልትረዱት የማትችሉ ይመስላችኋል። ነገር ግን ማታ «ዛሬ ምን ጻፍህ? ምን ጻፍሽ? እስኪ አንብቡልኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቃሉን ባትረዱትም እንኳ ልጃችሁ ሳይጽፍ እንዳያድር ታደርጋላችሁ። ከስንቁ ጋር አንድ ደብተር ጨምራችሁ ብትልኩም ዋጋው ከምታስቡት በላይ ነው።

ፈተናውን ማለፍ መልካም ነገር ነው፤ ሁላችንም እንድናልፍ እመኛለሁ። ነገር ግን አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም እዚያ የሚጠብቀው ንግግርና መጽሐፍ በዚሁ ቋንቋ ነው። ያላለፈውም ቢሆን የማዳበሪያውንና የመድኀኒቱን ማሸጊያ ጽሑፍ አንብቦ ለመንደሩ ሰው ማስረዳት ከቻለ ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም። ስለዚህ ቋንቋውን ለአንድ ቀን ፈተና ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታው እንያዘው፤ ሁለት መስመሯንም ዛሬ ማታ እንጀምራት።